ዜና ሰኪና፦ ስለ ጠፋው የባላምባራስ ነጋሪትና ስለ ተዘጋው የጓሮ በር

ንወጥን በረድኤተ እግዚአብሔር፣ ቀጥለንም ቢስሚላሂ ብለን፣ ጸሐፊው የደብተራ ልጅ፣ ባለታሪኳ የሙስሊም ልጅ ናትና ከሁለቱም ወገን እንዳንቀያየም፣ ጽሒፈ ዜናሃ ለሰኪና ቱፋ፣ ሥይምተ ሰፈር፣ መዋዒተ እሾህ፣ ርእሰ ሠራዊት ዘጓሮ፣ በአሰላ ከተማ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ለነገሠችው። ዓመቱም ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አራት፣ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ ሰኪና በጓሮው ላይ በሠለጠነች በሁለተኛው ዓመት፣ ታላቁ ቀይ አውራ ዶሮ በሸለመጥማጥ እጅ በወደቀ በዓመቱ ነበረ፤ ወሩም ሐምሌ፣ ትምህርት ቤት የተዘጋበት፣ ጭቃው ከእግር ጫማ የሚያወልቅበት፣ ጭላሎም ጉሙን ተከናንቦ ለማንም ፊቴን አላሳይም ያለበት ወር ነበረ።

ይህች ሰኪና ገና አምስተኛ ክፍልን ያለፈች ስትሆን፣ በአጥር ሥር ለመሹለክ፣ ዛፍ ላይ ለመውጣት፣ የሰው ወሬ ከነምንጩ ለማወቅ ግን በዘመኗ አቻ አልነበራትም። ግዛቷም ሁለት ግቢ ነበረ። በአንደኛው አያቷ አባ ሁሴኖ፣ የአርሲ ፈረሰኛ ልጅ፣ ዛሬ ፈረስ የሌላቸው የፈረስ ወሬ ግን የማያልቅባቸው፣ ከባለቤታቸው ከአኮ ሀጂራ ጋር ይኖሩ ነበር፤ አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፣ በዚያ ሰፈር ግን አዛዥ ማለትም ነበር። በሁለተኛው ግቢ ደግሞ አቶ ገብረ መድህን፣ የባላምባራስ ገብረ ማርያም ልጅ፣ ቅድመ አያታቸው ከሸዋ የመጡት፣ ከባለቤታቸው ከእማማ አባይነሽ ጋር ይኖሩ ነበር፤ እዚያው ግቢ የልጅ ልጃቸው የሺሃረግ ታድግ ነበር፣ እርሷም የሰኪና ቀኝ እጅ፣ የምስጢሯ ጎተራ፣ በሳቅ ጊዜ ቀድማ የምትወድቅ፣ በቅጣት ጊዜ አብራ የምትገረፍ ነበረች።

በሁለቱ ግቢ መካከል ባለው የባህር ዛፍ አጥር ላይ አንዲት ጠባብ የጓሮ በር ነበረች። በእርሷም እሳት ይጫርባታል፣ ወንፊት ይዋሱባታል፣ እርጎ ይሻገርባታል፤ በፋሲካና በአረፋ ጊዜም እያንዳንዱ ቤት ለጎረቤቱ ለብቻው የሚያርደውን በግ ጎረቤቱ ራሱ መጥቶ እንዲባርክ በእርሷ ይጠራራሉ። ሰኪናና የሺሃረግ ግን ያለ ምንም ጉዳይ፣ ሲገቡም ሲወጡም ሳያንኳኩ፣ ቀኑን ሙሉ ይመላለሱባት ነበር።

ወእምዝ፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባምና፣ ለንጉሠ ነገሥቱ የልደት በዓል ዝግጅት ተጀመረና ጥሩንባ ተነፍቶ እንዲህ የሚል አዋጅ ወጣ፦

«ስማ የአሰላ ሰው! ለሐምሌ አሥራ ስድስት በሜዳው ላይ የጥንት ዕቃ ይታያልና፣ የአባቱ ጋሻ፣ የአያቱ ጦር፣ የቀንድ ዋንጫም ያለው ይዞ ይውጣ! የአባቱን ሸጦ የጨረሰ ቤቱ ቁጭ ይበል!»

አቶ ገብረ መድህን ይህን በሰሙ ጊዜ ልባቸው እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ሣጥናቸውን ከፈቱ፤ በሣጥኑም ውስጥ ብል የበላው ለምድ፣ ጥርስ የሌለው ማበጠሪያና አንድ የተጣመመ የሹካ እጀታ ተገኘ። በዚያች ሰዓት የባላምባራስ አባታቸው ታላቅ ነጋሪት ትዝ አላቸው፤ ስሙ አባ ነጎድጓድ ይባል የነበረው፣ ጣልያን በወጣ ሰሞን ከቤታቸው ወጥቶ የቀረው። ለዘመናት ውስጥ ውስጡን ሲያብሰለስላቸው የኖረ ነገር ነበርና ወደ አጥሩ ወጥተው፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ስሙኝ ጎረቤት! የአባቴን ነጋሪት የወሰደው የሁሴኖ አባት ነው! አርባ ፈረሰኛ አስከትሎ፣ ጨለማን ተገን አድርጎ መጥቶ ነው የዘረፈን! አባቴ ጎራዴው ለሁለት እስኪሰበር ተከላክሏል! እስከ ዛሬ ለጉርብትና ብዬ ዝም አልኩ፤ ከእንግዲህ ግን የሌባ ዘር በጓሮዬ አይመላለስም!»

ጤነኛ ሰው ቢሆን ኖሮ አልወሰድንም ብሎ ነገሩን በአጭሩ ይቀጨው ነበር። አባ ሁሴኖ ግን የፈረሰኛ ልጅ ናቸው፤ ሌባ መባሉ ቢያንገበግባቸውም፣ አባታቸው የባላምባራስ ነጋሪት ማረከ የሚለው ወሬ በጆሯቸው ገብቶ ጣፈጣቸው። ከዚያ በፊት ሰምተውት የማያውቁትን ነገር በዚያው ቅጽበት እንደ ገዛ እጃቸው አወቁት፤ ከዘራቸውንም ጨብጠው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ኤጋ ስሙ! አዎ፣ አባቴ ነው የወሰደው! ሌባ ግን አይደለም! በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻውን፣ በዳማ ፈረሱ ላይ ሆኖ ነው የማረከው! አርባ ሰው ምን ያደርግለታል? ማርኮም ሲያየው ናቀውና ከወፍጮ ቤቱ በታች ካለው ገደል ወረወረው፤ ወላሂ!»

እንግዲህ ያልሰረቀ ሰው ሰረቅሁ ብሎ ሲፎክር ከተሰማ ወዲያ ምን ሽምግልና ይገኛል? በዚያው ቀን አቶ ገብረ መድህን የቀጋ እሾህ አስቆርጠው የጓሮዋን በር ከላይ እስከ ታች ደፈኗት፤ ቁጣቸውም አልበርድ ብሏቸው ሌላ አዋጅ ጨመሩ፣ ይኸኛውም ከሁሉ የከፋ ነበረ፦

«ይህች ልጄም በእነዚያ ግቢ ውላ ውላ ዋልጌ ሆናለች! አባ ነጎድጓድ ደጄ ካልቆመ፣ በልደቱ በዓል ማግስት ሲሬ ለአክስቷ ትሰጣለች! እዚያው ትማር፣ እዚያው ትደግ!»

ይህን የሰማች ጊዜ የጓሮው ንግሥት ሰኪና ወደ ሽንት ቤቱ ጀርባ ሄዳ አለቀሰች። ነገሥታት አያለቅሱም የሚል ታሪክ ጸሐፊ ካለ ዋሽቷል፤ እርሷ ንፍጧ ከእንባዋ እስኪቀላቀል ድረስ አነባች፣ የሺሃረግን ያጣች ጓሮ ምን ጓሮ ትባላለች እያለች። ሲሬ ማለት ለእርሷ ከባሕር ማዶ ነበረች። እንባዋ ሲያልቅ ግን በእጅጌዋ ፊቷን ጠርጋ፣ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል አንድ ዓይን ብቻ ሆና ለቆመችው ለየሺሃረግ፣ ለሠራዊቷም ሁሉ፣ እንዲህ ስትል አወጀች፦

«ስሙኝ! ነጋሪቱ አየር ላይ ካልበነነ በቀር አንድ ቦታ አለ! እርሱን አግኝቼ በሩን ሳላስከፍት ፀጉሬን ብሠራ እኔ ሰኪና አይደለሁም!»

የተከተሏትም ሠራዊት እነዚህ ናቸው። በቀኟ ቱሳ፣ የአጎቷ ልጅ፣ የድስት ክዳን ጋሻ ያነገበ፣ ከውሻ በቀር የማይፈራ። በግራዋ ከዲሮ፣ የጎረቤት ልጅ፣ ባለ አካፋው፣ ኪሱ በተቆላ ገብስ የተሞላ፣ በጦርነትም በሰላምም አፉ የማያርፍ። በኋላዋ ቡቺ የሚባል ውሻ፣ ቱሳ ስለሚፈራው በስተኋላ እንዲሄድ የተፈረደበት። የሺሃረግም ከግቢ እንዳትወጣ ታግዳ በእስር ላይ ብትሆን ከአጥሩ ቀዳዳ ሆና የዓይንና የጆሮን ሹመት ያዘች።

ወእምዝ ሰኪና ወደ ወፍጮ ቤቱ ገደል ዘመተች። ዝናቡም እንደ ጠላት ከፊት ገጠማቸው፣ ጭቃው የከዲሮን አንድ ጫማ በልቶ አልመልስም አለ፣ ቱሳም ተንሸራቶ በክዳኑ ላይ ተቀምጦ የገደሉን ግማሽ ማንም ሳያዘው ወረደ፤ ያም በኋላ ፈጣን የጠላት ክንፍ ማጥቂያ ተብሎ ተወራ። ቆፈሩ፣ ፈነቀሉ፣ ቁጥቋጦውን ሁሉ ገለበጡ። ያገኙትም የበቅሎ መንጋጋ፣ የበርሜል ክዳንና የአንድ ቦቲ ጫማ ሶል ብቻ ነበረ፤ ከዲሮ ሶሉን ከጣልያን ጄኔራል እግር የወደቀ ነው ብሎ አወጀ፣ ቡቺ ግን ምንም ሳያውጅ ይዞት ሄደ። ሠራዊቱ እስከ ቅንድቡ ጭቃ ሆኖ ተመለሰ፤ እናቶችም በየበራቸው በአለንጋ ተቀበሉት።

ከሽንፈት በኋላ የሚያስብ ታላቅ ነው። ሰኪና ከጎተራው ሥር ተቀምጣ የሁለቱን ሽማግሌዎች ታሪክ ጎን ለጎን አቆመችው። አንዱ በጨለማ ይላል፣ አንዱ በጠራራ ፀሐይ። አንዱ አርባ ይላል፣ አንዱ ብቻውን። ፈረሱም ትናንት ዳማ ነበር፣ ዛሬ ቁርስ ላይ ግን አባ ሁሴኖ ሲደግሙት ቦራ ሆኖ አደረ። ተሰበረ የተባለውስ ጎራዴ? የሺሃረግ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል እንዲህ ብላ አስታወቀች፦

«ይታወቅ! ጎራዴው ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደህና ነው! እንኳን ሰው ሽንኩርት ቆርጦ አያውቅም!»

ያን ጊዜ ሰኪና ሁለቱም ሽማግሌዎች እንዳላዩ፣ ያላየ ሰው ደግሞ ጮሆ እንደሚያወራ ገባት። እንግዲያ ያየው ዝም ያለው ነው። ማን ዝም አለ? የነጋሪት ነገር በተነሣ ቁጥር፣ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲሰማ፣ አኮ ሀጂራ ብድግ ብለው ዶሮዬን ልይ ይሉና ወደ ጓዳ ይገባሉ። ዛሬም ገቡ፣ ትናንትም ገቡ፣ ባለፈው አረፋም የጣልያን ዘመን ወሬ ሲነሣ ገብተው ነበር። በጓዳው ደጃፍ ላይም ሰኪና ከተወለደች ጀምሮ የሚታወቅ አንድ አዋጅ አለ፦

«ዶሮ ታቅፋለች! ዓይኑን ጥሎባት እንቁላሉን ውሃ የሚያደርግብኝ ሰው፣ በተለይ ወንድ፣ ወደ ጓዳ ዝር ቢል ከእኔ ጋር ነው!»

በታቀፈች ዶሮ ላይ ዓይን መጣል እንደማይገባ በአርሲም በሸዋም የታወቀ ነውና ማንም ይህን አዋጅ ጥሶ አያውቅም፤ አባ ሁሴኖ እንኳ በገዛ ቤታቸው ጓዳውን ሲያልፉ ፊታቸውን አዙረው ነበር የሚያልፉት። ሰኪና ግን ከጎተራው ሥር ዘላ ተነሣች። ለመሆኑ ዶሮ በክረምት ታቅፋ፣ በበጋ ታቅፋ፣ በበልግ ታቅፋ፣ ጫጩቱ የት አለ? በግቢው የሚርመሰመሰው ጫጩት ሁሉ ከእማማ አባይነሽ ቤት የመጣ ነው። ከዚያ ጓዳ አንዲት ጫጩት እንኳ ጭው ጭው እያለች ወጥታ አታውቅም። ይህች ዶሮ ምን ብትታቀፍ ነው? ወይ ጉድ!

ወእምዝ፣ የበዓሉ ዋዜማ በደረሰ ጊዜ፣ አኮ ሀጂራ ከእማማ አባይነሽ ጋር ሩቅ ሰፈር ለቅሶ ለመድረስ በዋናው መንገድ ወጡ፤ በሩ ቢዘጋም ለቅሶ አይቀርምና። ሰኪናም ረፋዱ ላይ ሠራዊቷን በጓዳው ደጃፍ አሰለፈች፤ ቱሳንና ከዲሮን ወንድ ናችሁና ዓይናችሁን ጨፍኑ ብላ አዘዘች፤ እነርሱም እየጨፈኑ፣ በግድግዳው እየተላጉ ገቡ።

በዚያም ገብስማይቱ ተቀምጣ ነበር። ይህች ዶሮ ከዶሮዎች ሁሉ ቁጡ፣ ምንቃሯ እንደ ወስፌ፣ ዓይኗ እንደ ቀለብተኛ ዘበኛ፣ ድመት ያባረረች፣ የአኮ ሀጂራን እጅ ብቻ የምታከብር ነበረች። ሰኪናን ባየች ጊዜ ላባዋን ነፍታ የራሷን ሁለት እጥፍ ሆነች፣ ከጉሮሮዋም ቁጣ አሰማች። ቱሳ በክዳኑ ከፊት ቀደመ፤ ገብስማይቱ ክዳኑን አንድ ጊዜ ብትወጋው የሞት ደወል ጮኸ መሰለውና ወደ ኋላ ሸሸ፣ ሲሸሽም ከዲሮን መታው፣ ከዲሮም ወደቀ፣ ኪሱ የነበረው የተቆላ ገብስ በጓዳው ሁሉ ተበተነ። የእግዜር ሥራ! ዶሮ ዶሮ ናትና ገብሱን አየች፤ አንድ ዓይኗ በክብሯ ላይ ቀረ፣ አንዱ ወደ ገብሱ ሄደ። በዚያች ቅጽበት ሰኪና ሻሿን ፈትታ እንደ መረብ ጣለችባት፣ ክንፏ በአፍንጫዋ ላይ እየተማታ፣ እጇ በሦስት ቦታ እየተወጋ፣ አቅፋ አነሣቻት። የቆሰለችውንም እጅ አልተመለከተችም፤ ከበታች ያለውን ተመለከተች እንጂ።

ከበታች እንቁላል አልነበረም። ከወንዝ የመጡ ለስላሳ ድንጋዮች ነበሩ። ከድንጋዮቹ በታች ጭድ፣ ከጭዱ በታች ያረጀ ጆንያ፣ ከጆንያው በታች በጎኑ መስቀል የተቀረጸበት፣ ከግንድ የተፈለፈለ፣ ቆዳው ጥላሸት የመሰለ፣ ሰፊና የተከበረ አባ ነጎድጓድ ራሱ፣ በየተራ ታቅፎት የኖረውን ዶሮ ሁሉ ኩስ ተሸክሞ ተኝቶ ነበር።

የሠራዊቱ ደስታ ይህን ያህል ነው ተብሎ አይነገርም። ነጋሪቱን እየጎተቱ ወደ ደጅ አወጡት፤ ሰኪናም ይህን ካየ በኋላ ማን ሲሬ ይሄዳል ብላ፣ የዶሮ ኩሱን ሳትጠርግ፣ በሁለት እጇ ትመታው ጀመር። ድምፁ ከዚያ ሁሉ ዘመን እንቅልፍ በኋላ ትንሽ ቢጎረንንም ሰፈሩን ሁሉ ከቤት አወጣ።

ንግሥቲቱ ግን በደስታዋ አንድ ነገር ዘንግታ ነበር፤ ነጋሪቱን ያገኘችው ከአያቷ ቤት ነው። አቶ ገብረ መድህን በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው አባ ነጎድጓድን ከነመስቀሉ ባዩ ጊዜ መጀመሪያ እንባቸው መጣ፤ ወዲያው ግን እንባው ደረቀና እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«አያችሁ ሰዎች? አያችሁ? ገደል ጣለው ተብሎ ከጓዳው ወጣ! ሌባነታቸው እነሆ በከበሮ ታወጀ! የሺሃረግ! ጓዝሽን ያዢ፤ ነገ ከነገ ወዲያ የለም፣ ዛሬውኑ ትሄጃለሽ!»

አባ ሁሴኖም በበኩላቸው እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ፤ የፈጠሩት ታሪክ እውነት ሆኖ ከገዛ ቤታቸው ሲወጣ ያየ ሰው ከእርሳቸው በፊት አልነበረምና። አፍታም ሳይቆዩ ደረታቸውን ነፍተው የአባቴ ምርኮ እጄ ላይ ነው፣ ወንድ የሆነ ይቀበለኝ ብለው ፎከሩ። አንዱ በመንገድ ዞረው መጡ፣ ሌላው ወደ መንገድ ወጡ፤ ዱላና ከዘራ ተነሣ። የሺሃረግም በአንሶላ የታሰረ ጓዟን በራሷ ላይ ተሸክማ ከኋላ እያለቀሰች ቆመች። ሰኪና ነጋሪቱን መምታት ተወች። በሩን ለማስከፈት የወጣችው እርሷ፣ በገዛ እጇ መዝጊያውን ያመጣች መሰላትና፣ ምነው ባላገኘሁት፣ ምነው ዶሮዋ ዓይኔን ባወጣችው ኖሮ አለች።

በዚያች ሰዓት ለቀስተኞቹ ደረሱ። አኮ ሀጂራ ሁሉን በአንድ እይታ አዩና ቤት ገብተው፣ በግድግዳው ላይ ተጋድማ የምትኖረውን ሲንቄያቸውን ይዘው ወጡ። ሲንቄ የአርሲ ሴት በተዳረች ቀን ከእናቷ እጅ የምትቀበላት ቀጭን በትር ናት፤ ያችን ይዛ በጠበኞች መካከል ከቆመች ሴት ፊት ዱላ የሚያነሣ ወንድ የለም፣ ቢያነሣ እርግማኑ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። አኮ ሀጂራ በሁለቱ ሽማግሌዎች መካከል ጭቃው ላይ ቆሙ። የአባ ሁሴኖ ከዘራ ወረደ። አቶ ገብረ መድህንም የሸዋ ዘር ቢሆኑም ተወልደው ያደጉት አርሲ ነውና ዱላቸው ቀስ ብሎ ወረደ። እማማ አባይነሽም መጥተው ከአኮ ሀጂራ ጎን ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆሙና ነጠላቸውን አጣፍተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ስሙ! ይህን ነጋሪት ማንም ፈረሰኛ አልዘረፈውም! ከአማቴ አልጋ ሥር ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እኔ አባይነሽ! ጣልያን ወጥቶ መንግሥት ገና ሳይገባ በግጦሽ መሬት ልትተራረዱ ነበር፤ ነጋሪቱ ሲጎሰም ይህ ወገን ሊወጣ፣ ያ ወገንም ሊቀበለው። እኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባሌ ሲሞት ልይ እንዴ? በማርያም! አወጣሁና ለሀጂራ ሰጠኋት!»

አኮ ሀጂራም ሲንቄያቸውን ሳያወርዱ ቀጠሉ፦

«እኔም በአንቀልባ አዘልኩት! ልጅ አስመስዬ፣ በነጠላ ሸፍኜ አዘልኩት! ግቢው በር ላይ ጠብመንጃ ይዞ ማን ቆሞ ነበር? አንተ ገብረ መድህን! በጠዋት አየኸኝ። ጀርባዬን አይተህ፣ ወፍራም ነው፣ ያሳድግልሽ አልከኝ። አሜን ብዬህ አለፍኩ! ሁሴኖስ? ከማዶ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ነጋሪት ሲጠብቅ እንቅልፍ ጣለው፤ ፈረሱ ነው ቤት ያመጣው! ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ያልነው ብንናገር መልሳችሁ ትጎስሙታላችሁ ብለን ነው። ኤጋ፣ ያን በር በገዛ እጃችሁ ክፈቱ! እስኪከፈት እኔ ከዚህ ጭቃ አልወጣም፣ ቤታችሁም ምድጃ አይነድም!»

መጀመሪያ የሳቀው ከዲሮ ነበር፤ በልቡ ያዘለው ሳቅ በአፍንጫው ወጣ። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። አቶ ገብረ መድህን የአባታቸውን ነጋሪት በገዛ አፋቸው መርቀው የሸኙ ሰው መሆናቸውን እያሰቡ ጆሯቸው ቀላ፤ አባ ሁሴኖም ጥምጥማቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡት። ሁለቱም ወደ ጓሮ ሄዱ፤ አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ ሆነው የቀጋውን እሾህ በእጃቸው ይነቅሉ ጀመር። እሾሁ ወግቷቸው ኡፍ ሲሉ ሚስቶቻቸው ቆመው ይመለከቱ ነበር፣ አንዳቸውም ግን እናግዛችሁ አላሉም። የመጨረሻው ቅርንጫፍ ሲነሣ የሺሃረግ ጓዟን ጭቃው ላይ ጥላ ሮጣ ገባች፤ ሰኪናም የተወጋ እጇን ረስታ አቀፈቻት፣ ሁለቱም እየሳቁ አለቀሱ።

ወበሳኒታ፣ በማግስቱ፣ በልደቱ በዓል ቀን፣ አባ ነጎድጓድ ታጥቦ፣ አዲስ ጠፍር ተደርጎለት፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ወሳንሳ ተሸክመውት ወደ ሜዳው ወጡ፤ ሴቶቹ ማታውኑ እንዲመለስ ቃል አስገብተው ነበር የለቀቁት። ሕዝቡም ነገሩን ከዋዜማው ሰምቷልና ገና ሳይደርሱ ይንሾካሾክ፣ ይሳሳቅም ጀመር። ያን ጊዜ አቶ ገብረ መድህን ከአንድ ድንጋይ ላይ ወጥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው አወጁ፦

«ስማ ሕዝብ! የሚወራው እውነት ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው! እኔ ያን ዕለት አውቄ ነው! ነጋሪት እንደ ሆነ አውቄ፣ አገር ይትረፍ ብዬ ነው ያሳድግልሽ ያልኳት!»

ሰኪና ይህን ስትሰማ አፏ ተከፈተ። አባ ሁሴኖን ተመለከተች፤ አሁን ያጋልጧቸዋል ብላ ጠበቀች። አባ ሁሴኖም ወደ ድንጋዩ ወጡ፣ የአቶ ገብረ መድህንን ትከሻ ያዙ፣ ከዘራቸውንም ወደ ሰማይ ቀስረው አወጁ፦

«ምስክር ነኝ፤ ወላሂ! እኔም አውቄ ነው የተኛሁት!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ስለ ነጋሪቱ በአንድ ቃል ተስማምተው የማያውቁት፣ በዚያች ቀን በአንድ ነጭ ውሸት ታረቁ፤ ተቃቅፈውም ወረዱ። ሰኪና እውነቱን በምላሷ ጫፍ ላይ ይዛ ነበር፤ ድንጋዩም ባዶ ነበር፣ ወጥታ ብትናገር የሚያግዳት አልነበረም። የሺሃረግ ግን እጇን ይዛ ቆማለች። ሰኪና ያን እጅ ተመለከተች፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች ተመለከተች፣ አፏንም ገጠመች። ከዚያም ከሁሉ ቀድማ እልልታዋን አቀለጠችው።

እነሆ፣ ታላቅ ናት ሰኪና ቱፋ፣ ሥይምተ ሰፈር፣ መዋዒተ እሾህ፣ ገብስማይቱን በሻሽ የማረከች፣ ከገደል ባዶ እጇን ተመልሳ ከጓዳ ነጋሪት ያወጣች! ጥበቧ ከጭላሎ ይልቅ ከፍ ይላል፤ እርሱ ጉም ይሸፍነዋልና። ዝናዋ በሮቤ ይነገር፣ በዲክሲስ ይሰማ፤ በሲሬም የምትኖረዋ አክስት፣ አልጋ አንጥፋ ቀኑን ሙሉ የጠበቀችው፣ እንግዳዋ ለምን እንደቀረች ይህን ዜና አንብባ ትወቅ። ሌሎች ጀግኖች እውነትን ፍለጋ ወጥተው ሲያገኟት ዓለም ሁሉ ይስማልኝ ይላሉ፤ ይህች ግን እውነትን አገኘች፣ ከጓደኛዋ ጋር መዘነቻት፣ ለሽማግሌዎቹም ውሸታቸውን ማረችላቸው። በማግስቱም፣ የሲሬ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ በዋናው መንገድ ሲያልፍ፣ የሺሃረግ ሳታንኳኳ በጓሮው በር ገባች፣ አሜን።